አፏን የበየዱባት ሴትዮ

ሰኞ፣ ጥር 26

ሦስት ክፍለ ጊዜ ሥዕል አስተማርኩ። ስምንተኛ «ለ» ውስጥ ሰባ ሁለት ልጅ፣ ወረቀት ያለው ግማሹ ነው። የቀራችሁት በአየር ላይ ሳሉ አልኳቸው። ሳሉ። ሌላ ምን ላድርግ?

ሙቀቱ ገና በጥር ጀመረ። ባሌ ሰዲቅ ቀወት ወረዳ አንድ ገበሬ ጋ የውሃ ሞተር ሲጠግን ውሎ፣ የተተረተረ ቱቦና የተሰነጠቀ የሞተር ክዳን ይዞልኝ መጣ። የሰው ባል ሽቶ ያመጣል አልኩት። «ሽቶ ብየዳ አይዝም» አለኝ።

የምሠራት የብረት ሴትዮ ልታልቅ ነው። አምስት ወር ፈጀች። አጥንቷ የመስኖ ቧንቧ፣ ቆዳዋ የበርሜል ቆርቆሮ፣ ፀጉሯ የባጃጅ ፍሬን ሽቦ። ቀሚሷን ከቀዩ የሽንኩርት ከረጢት ነው የሠራሁት፣ ድርብርብ አድርጌ። የቲማቲም ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ዘርግታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ጉሮሮዋ ድረስ ይታያል። ጥርሶቿ ከተቃጠለ የሞተር ካንዴላ የወጣ ነጩ ሸክላ ናቸው። አሥራ አንድ። ከፊት አንዱ የለም።

እትዬ ዘውድነሽን ነው የሠራሁት። መናኸሪያው በር ላይ ሠላሳ ዓመት ሽንኩርት ሲሸጡ የኖሩትን። አምና አንድ የአውቶቡስ ረዳት ሲከራከራቸው ተንሸራቶ ቲማቲም ውስጥ ቁጭ አለ... ያኔ ነው እንደዚህ ሲስቁ ያየኋቸው። ያን ሳቅ ካየሁ በኋላ ብረት መልቀም ጀመርኩ።

የከተማው የአደባባይ ውበት ኮሚቴ ሊወስዳት ተስማምቷል። መናኸሪያው ፊት ትቀመጣለች። የኔ ሥራ አደባባይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው...

ሰኞ፣ የካቲት 3

ተቀመጠች። በያጁ በላይ መሠረቷን በይዶ አጠበቀ፣ አራት ሰው ተጋግዞ አወረዳት። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ መሳፍንት ንግግር አደረጉ። «ከቆሻሻ ውበት» አሉ ሦስት ጊዜ። ቆሻሻ የሚለው ትንሽ ከነከነኝ። ግን ቀኑ የኔ ነበር።

ሰዉ ሳቀ። ተሳፋሪ ከአውቶቡስ ወርዶ ፎቶ ተነሳ። አንዲት ሕፃን እናቷ ጀርባ ላይ ሆና የጎደለችውን ጥርስ በጣቷ ነካች። እንደዚህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

እትዬ ዘውድነሽ ከመንገዱ ማዶ ከሽንኩርታቸው አልተነሱም። ሄድኩ።

«አዩዋት?»

«አየኋት» አሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

«እንዴት ናት?»

«ትልቅ ናት።»

ሽንኩርታቸውን ወደ መደርደር ተመለሱ። አፍረው ይሆናል። ደስ ብሏቸው ይሆናል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ባጃጅ ውስጥ አንዱ «ዘውዴ ጋ ወራጅ አለ» ሲል ሰማሁ። ቦታው ስም አወጣ። በአምስት ቀን።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰው ከቧታል። የሚስቅ የለም። ተጠጋሁ... አፏ የለም። ከአፍንጫዋ ሥር እስከ አገጯ ድረስ ላሜራ ለጥፈው ዙሪያውን በይደውታል። ከዚያ መላ ሰውነቷን ብርማ ቀለም ቀብተዋታል። ፀጉሯን። እግሯን። ቀሚሷን ሳይቀር፤ ከረጢቱ በቀለም ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል።

አንገቷን እንደጣለች ናት። አፍ ሲኖራት ሳቅ ነበር። አሁን የታነቀች ትመስላለች።

ማን እንዳደረገው ብጠይቅ፣ «ኮሚቴው» ይሉኛል። ማንን ጠይቆ? ስልኬን ያውቃሉ። ቤቴን ያውቃሉ። ትምህርት ቤቱ ሁለት መቶ ሜትር አይርቅም። አንድ ሰው ልከው «ናፊሳ፣ እንዲህ ልናደርግ ነው» ማለት ምን ያስቸግራል? እምቢ እንደምል ስላወቁ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ሰዲቅ ሄዶ አይቶ መጣ። ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። «በሰው ቢሆን ወንጀል ነው» አለ።

በብረትስ?

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ጠዋት ደግሜ ሄጄ የብየዳውን ስፌት አየሁት። እንደ ዓሣ አጥንት ደርድሮ የሚበይድ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ነው። በላይ። የሴትዮዋን አጥንት ከኔ ጋር አንድ በአንድ የበየደው በላይ።

ሱቁ ገባሁ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ማኅተም ያለው ወረቀት ይዘው መጡ፣ ናፊሳ። ፈቃዴን የሚያድሱት እነሱ ናቸው።»

«ስልክ የለህም?»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መሬት መሬት አየ። «ቀስ ብዬ ነው የበየድኩት» አለ። «ውስጡን አልነካሁም። ጥርሶቹ አሉ።»

ሊያጽናናኝ ነው እኮ። ጥርሶቹ አሉ... ላሜራ ውስጥ። ስድብ ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ሰባት ዓመት የማውቀው ሰው ነው። ሰላም ሳልለው ወጣሁ።

አርብ፣ የካቲት 21

ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ጠበቅኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መስክ ናቸው ተባልኩ። ሰው በአንድ ጊዜ ስብሰባም መስክም መሆን ይችላል? ልጅቷ «ሰኞ ይምጡ» አለች፣ ስልኳን እያየች።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ረመዳን ሦስተኛ ቀን። ጉሮሮዬ ደርቆ ነው የገባሁት። ቁጣ ጾም ያጎድላል አለኝ ሰዲቅ ስወጣ። ባስቆጣኝ ሰው ይቆጠርበት አልኩት።

አቶ መሳፍንት ከወንበራቸው አልተነሱም።

«መምህርት፣ እንግዶች ሊመጡ ነው። የከተማዋ ገጽታ የሁላችንም ጉዳይ ነው።»

«ሳቅ ገጽታ ያበላሻል?»

«ሳቁ አይደለም። ጥርሱ ነው። ጥርስ የሌላት ከተማ ልንባል ነው?»

«ችግሩ ጥርሱ ከሆነ አፏ ለምን ተዘጋ?»

«ጥርስ ለመጨመር ባለሙያ ይፈልጋል። መዝጋት ይቀላል።»

ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። መዝጋት ይቀላል። ባለሙያዋ ፊቱ ተቀምጣለች፣ ባለሙያ ይፈልጋል ይላል። ከዛሬ ጀምሮ አንቱ አልለውም። በዚህ ደብተር እንኳ።

ልወጣ ስነሳ መሳቢያ ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ። «ለነገሩ እኛ ዝም ብለን አልተነሳንም። ቅሬታ ቀርቦብሻል» አለ። አነበብኩት። «ሳልፈቅድ መልኬ በአደባባይ ስለቆመ፣ መንገደኛም ስለሚስቅብኝ፣ እንዲስተካከልልኝ...» ይላል። ከታች የጣት አሻራ። ከአሻራው አጠገብ ስም። ዘውድነሽ።

እንዴት ከዚያ ክፍል እንደወጣሁ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

አምስት ወር ለማን ብዬ ነው ጣቴን የተቃጠልኩት? ለእሳቸው ክብር። ማን ያውቃቸው ነበር? አንድ ጊዜ ጠርተው «አልወደድኩትም» ቢሉኝ ምን ነበረበት? ቀጥታ ወደ ቢሮ... ቀጥታ ወደ መሳፍንት።

አላናግራቸውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ዛሬ የሆነውን በትክክል ልጻፈው። ለራሴ እንኳ ላቆነጅ አልፈልግም።

ለጠብ ነው የሄድኩት። መናኸሪያው በር ስደርስ ሴቶቹ የሉም። አንድም። የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ነፋስ ያንከባልለዋል። በቦታቸው የአበባ ማስቀመጫ ተደርድሯል፣ አበባ ግን የለውም። አንዱን ባለባጃጅ ጠየቅኩት።

«ማክሰኞ ነው ያነሷቸው» አለኝ። «ከከብት ተራ ጀርባ ሰጧቸው።»

«እንግዶቹ እስኪሄዱ?»

«ለሁልጊዜ ነው የሚሉት። አላየሽም እንዴ?»

አላየሁም። ማክሰኞ በዚያ አልፌያለሁ። ረቡዕም አልፌያለሁ። ሁለቱንም ቀን ዓይኔ ብረቷ ላይ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሴት ከነሽንኩርቱ ሲጠፋ አላየሁም።

ከከብት ተራ ጀርባ ያለውን ሜዳ ማን ያውቀዋል? አውቶቡስ አይደርስበትም። ባጃጅም በልመና ነው። እትዬ ዘውድነሽ ግራር ሥር ተቀምጠዋል፣ ከፊታቸው አራት ከረጢት ሽንኩርት። ፀሐዩ አበላሽቶታል፣ ሽታው ከሩቅ ይሰማል። ገዢ የለም።

ቆሜ ነው የጠየቅኳቸው። ሰላምታም አላስቀደምኩም።

«አሻራው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ለምን ለኔ አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ነግረሽኛል?»

በእጃቸው ከረጢት አመለከቱኝ። ተቀመጥኩበት።

«ይችን ጥርስ ማን እንዳወለቃት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ባሌ ነው። ነፍሱን ይማረውና። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። ልጄ እንኳ እስከ ዛሬ ወድቄ ይመስላታል። ሠላሳ አራት ዓመት ስስቅ በእጄ ከድኜ ነው። አንቺ አምጥተሽ መናኸሪያ ላይ ከፈትሽው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ያያል፣ ከደሴ የሚመጣው ያያል። ልጄ ደውላ "እማዬ፣ ፌስቡክ ላይ አየሁሽ" አለችኝ። ምን ልበላት?»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከፍ ቢያደርጉ ይሻለኝ ነበር።

«ለዚያ ነው አፏን ዝጉ ያሉት?» አልኩ።

«እኔ?» ቀና አሉ። «ጥርሷን አስተካክሉልኝ ነው ያልኩት። ጸሐፊው ጻፈ፣ አላነበበልኝም፣ እኔ ጣቴን አሳረፍኩ። አፌን ዝጉ ብዬ አልፈረምኩም። ሳያት እኔን ዝም በይ ያሉኝ ነው የመሰለኝ። በሳምንቱ መጥተው ከቦታችን አነሱን። ዝም ብለን ተነሳን። ምን ይባላል ከዚያ ወዲያ?»

ጎናቸው ያለችው ሴት ፊቷን አዞረች።

ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ የወጣልኝ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሲስቁ ያየሁዎት» የሚል ነው። ምን ማለቴ ነው? እሳቸው ግን ገባቸው መሰለኝ። «ያን ቀን እጄን ሽንኩርት ይዞት ነበር» አሉ።

አርብ፣ የካቲት 28

መሳፍንት ሳይጠይቀኝ አፏን ዘጋ። እኔ ሳልጠይቃቸው አፋቸውን ከፈትኩ።

እሱ ላይ ያለኝ ንዴት አልቀነሰም። አንድ ተጨመረበት እንጂ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ከእትዬ ዘውድነሽ ጋር ወደ ኮሚቴው ቢሮ ሄድን። እኔም ጾመኛ፣ እሳቸውም ሁዳዴ ላይ ናቸው። በእግር ነው የሄድነው፣ በዚያ ፀሐይ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትል ልጅቷ፣ እትዬ ዘውድነሽ «እንግዲያው ስብሰባው ላይ እንግባ» ብለው በሩን ገፉት። መሳፍንት ብቻውን ስልክ ያያል።

«እኔ የዚያች የብረት ሴትዮ ባለቤት ነኝ» አሉት።

«የኮሚቴው ንብረት ናት፣ እናቴ።»

«ብረቱ የናንተ ይሁን። ፊቱ የማን ነው?»

«ቅሬታ ያቀረቡት እኮ እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

«አዎ። ዛሬም ላቀርብ ነው የመጣሁት። ጻፍ።»

ሰውዬው ሳያስበው እስክሪብቶ አነሳ። በዓይኔ ነው ያየሁት።

«አንደኛ፣ የዘጋችሁትን አፍ ክፈቱ። ጥርሷን ይች ልጅ ታስገባለች፣ እኛ ተነጋግረናል። ሁለተኛ፣ እኛን ወደ ቦታችን መልሱን።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የቦታው ጉዳይ ያለቀ ነው።»

«ማን ጨረሰው?»

«በኮሚቴ ተወስኗል።»

«አሥራ ዘጠኝ ነን። አንዳችንን ጠርቶ የጠየቀ አለ?»

ወደ እኔ ዞረ። ሐውልቷን ግን ከፈለግን ማንሳት እንችላለን አለ። ብርማ ከተቀባች ወዲህ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩን እየመለሰች የሾፌር ዓይን ትወጋለች፣ ሦስት ሾፌር አቤት ብሏል፣ ከቅዳሜ በፊት ብታነሷት እኛም እንገላገላለን አለ። ወረቀት ጽፎ ማኅተም አደረገበት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ጉዳይ ሲሆን የሚተኛው ማኅተም፣ እሱን ለሚገላግለው ነገር ሲሆን ከመሳቢያው ዘሎ ይወጣል።

ስንወጣ ደስ አላለኝም። እሳቸውንም ደስ አላላቸውም። ደጁ ላይ ቆመው «ብረቷን ሰጡን፣ እኛን አስቀሩን» አሉ።

አርብ፣ መጋቢት 5

ወደ ከብት ተራ መታጠፊያው ላይ ጎሚስታው ጋሼ ከበደ አሉ። ግቢያቸው ከአስፋልቱ ጋር ይዋሰናል። እትዬ ዘውድነሽ ናቸው የለመኗቸው። «የራሴ ይዞታ ነው፣ ካርታ አለኝ» አሉ ጋሼ ከበደ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ቦታ ሲያሳዩን። «አጥር ውስጥ ያለን ማን ይነካል?» በአህያ ጋሪ አመጣናት። መንገደኛው ቆሞ አሳለፈን። ብርማ ቀለሟ የሾፌር ዓይን እንዳይወጋ ጥላ ሥር አስቀመጥናት።

በላይ ማንም ሳይጠራው መጣ። ብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ታቅፎ። አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም። ገመዱን ከጋሼ ከበደ ማከፋፈያ ሰክቶ ተንበረከከ። እሳቱ ሲረጭ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። የራሱን ስፌት ዙሪያውን ቆረጠው። ላሜራው ሲወድቅ አንስቶ ወደ ማዶ ወረወረው፣ እጁ የሚቃጠል መሆኑንም የረሳ መሰለኝ።

አሥራ አንዱም ጥርስ አለ። እውነቱን ነበር።

ሁለት ካንዴላ ይዤ ሄጄ ነበር። እትዬ ዘውድነሽ ተራ በተራ በፀሐይ አዩዋቸው። ነጣ ያለውን መረጡ።

«ይሄ ከሌሎቹ ትንሽ ይበልጣል» አልኳቸው።

«ይብለጥ።»

አስገባሁት። ራቅ ብለው አዩ፣ ቀረብ ብለው አዩ። «እጇን ደግሞ ወደ ገበያችን አድርጊልኝ፣ ሰው ይወቀው» አሉ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቀኝ ክንዷን ፈትተን አዞርነው። አሁን እየሳቀች ወደ ሜዳው ታመለክታለች።

እንደ ሥራ ከሆነ፣ ክፍተቱ ይሻል ነበር። ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው። ግን ጥርሱ የኔ አይደለም።

በላይ ዕቃውን ሲሰበስብ ውሃ ሰጠሁት። ተቀበለኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

እንግዶቹ ቅዳሜ መጥተው ነበር አሉ። አምስት መኪና፣ መስታወቱ የተዘጋ። መናኸሪያው ጋ አልቆሙም። ባዶው ማስቀመጫ ጋም አልቆሙም። በቀጥታ ወደ ካራቆሬ አለፉ። ለዚህ ነው እንግዲህ... ለዚህ ነው ያ ሁሉ የተደረገው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ብዙ ቀን ሳልጽፍ ቆየሁ። ዒድ አለፈ፣ ፈተና አለፈ።

አንዳንድ ሾፌር መታጠፊያው ላይ መቆም ጀምሯል። ተሳፋሪ ወርዶ ሴትዮዋን ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ እጇን ተከትሎ ሽንኩርት ይገዛል። ሁሉም አይደለም። ከአሥራ ዘጠኙ ሰባቱ ትተውታል። አንዷ ደብረ ሲና ሰው ቤት ልትሠራ ወጣች፣ ብርዱን እንዴት እንደምትችለው እንጃ። ስለ ቦታው ሦስተኛ ማመልከቻ አስገባን። የምጽፈው እኔ ነኝ። ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነብላቸዋለሁ። ባለፈው እትዬ ዘውድነሽ «"በትሕትና" የሚለውን አውጪው» አሉኝ። አወጣሁት። መልስ እስካሁን የለም። መሳፍንት ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፣ ይቀይር።

እሳቸው አሁንም ሲስቁ በእጃቸው ይከድናሉ።

ዛሬ ከትምህርት ቤት መልስ ጋሼ ከበደ ጋ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ሆኖኛል ሲሠሩ ሳያቸው። ጎማ ሲፈቱ ጀርባቸው የሚጎብጥበት መንገድ፣ የሚጎትቱት እግር፣ ቸርኬውን በጉልበታቸው የሚይዙበት... የተጣለ ጎማው ራሱ ጀርባቸውን ይሆናል። ስዕሉን ጨርሼዋለሁ። ሰዲቅ እንኳ አይቶ «ይህ ከመጀመሪያዋ ይበልጣል» ብሎኛል።

ወረቀቱን ዘርግቼ አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ እርስዎን ልሠራ አስቤ ነበር። ይፈቅዱልኛል?»

እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተቀበሉኝ። ከላይ ጀምረው አዩት። እግሩ ጋ ሲደርሱ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«አዎ።»

«ተይው ልጄ። እኔን አታቁሚኝ።»

ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር። እግሩን ቀጥ ላድርገው? ወደ ጎን ላዙረው? ብዙ መንገድ ነበረው። ዓይናቸውን አየሁ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ስዕሉን ሊመልሱልኝ ዘረጉ። ለእርስዎ ይሁን አልኳቸው። በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ወደ ጎማቸው ተመለሱ።

ቆንጆ ሥራ ይሆን ነበር።